ልጆችን ከወገናቸውና ከምድራቸው ጋር እንዴት እናስተዋውቅ

በሰሜን ሸዋ ገጠር ልጅ ለማያውቀው ሽማግሌ እጅ ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ነው። የአባቱን ስም ሲናገር ሽማግሌው በዚያ አያበቁም፤ አያቱን፣ የእናቱን ወገን፣ የመጣበትን ቀበሌና ደብር ጠይቀው «እንዲያማ ከሆነ የእኛው ልጅ ነህ» ይሉታል። ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገችው ልጄ ከጥቂት ዓመታት በፊት መሐል ሜዳ ገበያ ውስጥ አንዲት እናት ይህንኑ ሲጠይቋት ስሜን ተናገረችና ቀጥላ የምንኖርበትን ሕንፃ ቁጥር ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ሳቁ። እኔ በራሴ አፈርሁ፤ ከዚያ የተሻለ መልስ አስተምሬያት አላውቅም ነበርና።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እንደ እኔ ለዘነጉ ወላጆችና በክፍል ውስጥ ሀገር በቀል ዕውቀትን ማስተማር ለሚፈልጉ መምህራን ነው። ሀገር በቀል ዕውቀት ሲነሳ ብዙ ሰው የባህል መድኃኒትን ወይም የሽምግልና ሥርዓትን ያስባል፤ ለልጅ ግን ከዚህ ሁሉ የቀለለ መነሻ አለ፤ እርሱም የቦታ ስም ነው። መንዝ በጥንታዊ አከፋፈሉ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ይባላል። ማማ፣ ላሎና ጌራ በአካባቢው ትውፊት መሠረት ምድሩን ያቀኑ አባቶች ናቸው፤ ስማቸውም ዛሬ የወረዳ መጠሪያ ሆኖ በመሥሪያ ቤት ማኅተም ላይ ይነበባል። አያትየውን በጠራን ቁጥር መሬቱን፣ መሬቱን በጠራን ቁጥር አያትየውን እንጠራለን። ስለዚህ ቤተሰብን በአንድ ቀን፣ ተፈጥሮን በሌላ ቀን ለይተው አያስተምሩ፤ በዚህ አገር ሁለቱ አብረው የሚቆጠሩ ናቸው።

ሰባት ቤት ከነቦታው

ሥራው የሚጀመረው በደብተርና በአያት ነው። ልጁ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ስሙን በገጹ ግርጌ ያስጽፉት፤ ከዚያ ወደ ላይ በአባቱም በእናቱም ወገን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ እስከ ሰባት ቤት የሚደርስ ባዶ መስመር ያሰምሩለት። እስከ ሰባት ቤት የሚገናኙ ዘመዳሞች አይጋቡም የሚለው ልማድ ቆጠራውን በሽማግሌዎች ዘንድ እስካሁን ሕያው አድርጎታል። የእናቱን ወገን እንደ ትርፍ አይዩት። በቀድሞው የርስት ሥርዓት ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቆጥሮ አቅኚው አባት ዘንድ ከደረሰ መሬት ይጠይቅ ነበርና፣ ሴት አያቶችን የዘለለ ቆጠራ በጥንቱም ሚዛን ጎደሎ ነው።

ስም ብቻ መደርደር ልጅን በሳምንት ውስጥ ያሰለቻል፤ የመጀመሪያውን ደብተር ያበላሸሁት እኔም በዚሁ ነው። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ አራት ጥያቄ ይጻፍ፦ የት ተወለደ? ውሃ ከየትኛው ምንጭ ይቀዳ ነበር? ምን ያርስ፣ ምን ያረባ ነበር? የት ዐረፈ? እነዚህ ጥያቄዎች ሲገቡበት የስም ዝርዝሩ ወደ ካርታነት ይለወጣል። የሚገርመው ደግሞ ስም የጠፋባቸው አረጋውያን ምንጩን ሲጠየቁ ማስታወስ መጀመራቸው ነው፤ ምንጩን ተከትሎ እንስራ ተሸክማ የወረደችው ሴት ትመጣለች፣ እርሷን ተከትሎ ባሏ፣ ባሏን ተከትሎ የተጣላው ወንድሙ ይመጣል። ልጁ ይህን ሁሉ መጻፍ ባይችል እርስዎ ይጻፉለት፤ ጥያቄውን ግን እርሱ ያቅርብ።

ለመጠየቅ የሚመች ጊዜ ቡና ሲፈላ ነው። አቦል ላይ ሁሉም ስለ ገበያና ስለ ታመመ ሰው ስለሚነጋገር ጥያቄው ለቶና ቢቆይ ይሻላል። ልጁ አያቱን «አንቱ» እያለ ይጠይቅ፤ ከተማ ያደጉ ልጆች አነጋገሩ ባዕድ ሊሆንባቸው ስለሚችል አስቀድመው ቤት ውስጥ ያለማምዱት። ድምፅ መቅዳት ካስፈለገ ፈቃድ ይጠየቅ። አንዳንድ አረጋውያን የሞተ ሰው ስም በስልክ ውስጥ ሲገባ ቅር ይላቸዋል፤ እንዲህ ሲሆን ስልኩን አስቀምጦ ማድመጥ ይበቃል።

በገጹ ዳር ለሌላ ዓይነት ዝምድናም ቦታ ይተዉ። የክርስትና አባትና እናት፣ የጡት ልጅ፣ በሚዜነት የተገኘ ወንድም፣ በእድርና በሰንበቴ አብሮ የኖረ ጎረቤት በተለየ ቀለም ይጻፉ። ልጁ ዝምድና በደም ብቻ እንደማይመጣ የሚረዳው ይህን ሲያይ ነው። ቆጠራው ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ብዙ የሰሜን ሸዋ ቤተሰብ ውስጥ አማራው ከኦሮሞው፣ ከአርጎባው ጋር ተጋብቶ ይገኛል። እንዲህ ያለ ስም ሲወጣ አይለፉት፤ የዚያኛው ወገን አያት ስለ መሬቱና ስለ ከብቱ በምን ቋንቋ ይናገሩ እንደነበር ልጁ ይጠይቅ። ቆጠራ ሰውን ለመለየት ሲውል ምን እንደሚያስከትል ይህ አካባቢ በቅርብ ዓመታት በሚገባ አይቷል፤ ደብተሩ ለዚህ እንዳይውል የሚጠብቀው ወላጁ ነው።

ተራራን አስቀድሞ መጥራት

የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች በሥርዓት ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ የየራሳቸውን ተራራ፣ ወንዝ፣ አባቶቻቸው የመጡበትን ታንኳና ጎሣቸውን ጠርተው የግል ስማቸውን ወደ መጨረሻው ይናገራሉ። ከእነርሱ መካከል በዋንጋኑዪ ወንዝ ዳር የሚኖሩት «እኔ ወንዙ ነኝ፤ ወንዙም እኔ ነው» የሚል አባባል አላቸው፤ የአገሪቱ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2017 ይህን ወንዝ እንደ ሰው መብት ያለው አካል አድርጎ የሚያውቅ ሕግ አውጥቷል። ይህን ለልጆች ሲነግሩ የማን ሥርዓት እንደሆነ በግልጽ ይንገሩ፤ የሰውን ሥርዓት እንደ ቲያትር አያስመስሉት። ከዚያ ልጁ በራሱ አገር ልክ የራሱን መልስ ያዘጋጅ። የእኔ ልጅ አሁን «ተራራዬ መገዘዝ ነው፤ ወንዜ በሬሳ ነው፤ አያቶቼ የጌራ ምድር ሰዎች ናቸው፤» ብላ ስሟን ታስከትላለች። መምህራን ክፍል ውስጥ ይህን ቢያደርጉ አንድ ወንዝ የሚጠጡ ልጆች ሳያውቁት ይገናኛሉ።

ዝናቡን የሚካፈሉ ዘመዶች

ሁለቱ ተፋሰሶች በሚለያዩበት በጣርማ በር ላይ ቆሞ ማስተማርን የመሰለ ነገር የለም፤ መሄድ ካልተቻለ ግን ጓሮ ውስጥ ያለ ጭቃ ይበቃል። ልጆቹ ከጭቃው ረጅም ሸንተረር ይሥሩ፤ አንደኛው ጎኑ ዘንበል ያለ ሜዳ፣ ሌላኛው ገደል ይሁን። ከላይ በጣሳ ውሃ ሲያፈስሱ ውሃው ለሁለት ሲከፈል ያያሉ። ከዚያ ስሙን ይስጡት፦ በምዕራብ የወረደው በጀማ በኩል ዓባይ ገብቶ ሱዳንንና ግብፅን አልፎ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል፤ በምሥራቅ የወረደው በከሰምና በመሰሎቹ ወንዞች አዋሽ ገብቶ ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ባሉ ሐይቆች ውስጥ ይቀራል። በአንድ ደመና ውስጥ አብረው የመጡ ሁለት ጠብታዎች በአንድ ክንድ ልዩነት ለዘላለም እንደሚለያዩ ሲሰሙ ዝም የማይል ልጅ እስካሁን አላየሁም።

ቀጥሎ ደብተሩ ይውጣ። ደጋ ያለው አጎት የትኛውን ወንዝ ይጠጣል? ሸዋ ሮቢት ያለችው አክስትስ? ከላይ ያለው ሰው ምንጩ ላይ ከብት ቢያስገባ፣ ተዳፋቱን አርሶ አፈሩን ቢለቅ፣ ታች የሚደርሰው ለማን ነው? ስም ያለው ዘመድ ከወንዙ ግርጌ ሲቀመጥ ስለ ጎርፍና ስለ አፈር መሸርሸር የሚሰጠው ትምህርት ከመጽሐፉ ይወጣል። ለታናናሾቹ ደግሞ ጳጉሜን 3 ቀን በሩፋኤል ዝናብ ሲታጠቡ ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ብቻ ይበቃል።

ጓሳን ማስተማር

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ቤተሰብና ተፈጥሮ እንዴት በአንድ ሥርዓት እንደታሰሩ ለማሳየት ከጓሳ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ጓሳ በመንዝ ጌራ ምድር ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የሳርና የቁጥቋጦ ምድር ነው፤ መጠሪያውን ያገኘው ከሚበቅልበት ሳር ነው። ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቀው ነበር። መብቱ በአስቦና በጌራ ስም ከሚጠሩት አቅኚ አባቶች በሚወርድ ዘር ይገኝ ነበር፤ አለቆች ይመረጡ ነበር፤ ምድሩ ሳሩ እስኪጎለምስ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋና ሲከፈት ሁሉም በአንድነት ያጭድ ነበር። ቆጥሮ አያቱ ዘንድ መድረስ የቻለ ሰው ሳሩን የማጨድ መብት ነበረው፤ ሳሩንም የመጠበቅ ግዴታ ነበረበት። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቀሮም አብሮ ወደቀ። ሕዝቡ ግን ጥበቃውን ፈጽሞ አልተወውም፤ ዛሬ ጓሳ በክልሉ ሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

ይህን ሁሉ ለስምንት ዓመት ልጅ መተረክ አይቻልም፤ በጨዋታ ግን ይገባዋል። አሥር ልጆች ካሉ አንድ ሳህን ቆሎ መሐል ያስቀምጡና «እጃችሁን ሰብስባችሁ ከጠበቃችሁ የቀረው በእጥፍ ይጨመራል፤ የፈለገ ግን አሁኑኑ መውሰድ ይችላል» ይበሏቸው። በመጀመሪያው ዙር ቆሎው በቅጽበት ያልቃል፤ ይጣላሉም። በሁለተኛው ዙር ራሳቸው ሕግ ያወጣሉ፤ አለቃ ይመርጣሉ፤ ቅጣት ይደነግጋሉ። ቅጣታቸው ብዙ ጊዜ ከጥፋቱ የከበደ ይሆናል። እዚህ ላይ ይቁሙና የቀሮም ቅጣት ጽኑ እንደነበር ይንገሯቸው።

ከዚያ ሰንሰለቱን ከሳሩ ጀምረው ያስከትሉ። ሳሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ከብርድና ከዝናብ ለሚከልለው ገሳ ይሆናል፤ ባለበት ሲቀር ደግሞ የአይጦች መጠለያ ነው፤ አይጦቹን ቀይ ቀበሮ ይበላል፤ የዝናቡንም ውሃ ምድሩ ይዞ ቀስ እያለ ለምንጮች ይለቀዋል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ቁጥሩ ወደ 500 ገደማ ብቻ ቀርቷል። ልጆች በጣም የሚወዱት ግን የቀበሮና የጭላዳ ዝንጀሮ ጉርብትና ነው። በጓሳ በተደረገ ጥናት ቀበሮ ሳር በሚግጡ ጭላዳዎች መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶው 67ቱ ሙከራ ተሳክቶለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን የተሳካለት 25ቱ ነው። ቀበሮውም የጭላዳ ግልገሎችን አይነካም ማለት ይቻላል፤ ቢነካ ከመንጋው ይባረራልና። ጎረቤትነት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ በኋላ ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ስለ ጭላዳ ቤተሰብም ይንገሯቸው። እናት፣ ሴት ልጅና እኅት አብረው ይቀመጣሉ፤ አውራው ወንድ ከሌላ ቦታ መጥቶ ይገባል፤ ሌላ ብርቱ ሲመጣበትም ይለቅቃል። ሆኖም «እነርሱም እንደ እኛ ናቸው» ብለው አያስውቡት፤ ልጁ ልዩነቱን ራሱ ይፈልግ።

በእጅ የሚገኝ ትምህርት

«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንዲሉ፣ መሣሪያ ከሩቅ መግዛት አያስፈልግም። የመንዝ በግ ጠጉር እፍኝ ሙሉ ይግዙና ልጆቹ ያጽዱት፣ ያባዝቱት፣ በእንዝርት ይፍተሉት። መጀመሪያ የሚፈተለው እዚህ ወፍራም፣ እዚያ ቀጭን፣ በመሐል የሚበጠስ ነው፤ ይሁን። ከዚያ አያታቸው የሚደርቡትን ባና በእጃቸው እየዳሰሱ ስንት ክንድ ክር እንደገባበት ይገምቱ። ሴቶች የፈተሉትን ወንዶች መሸመናቸውን፣ በጉ ውርጭ የሚመታውን ሳር መጋጡን፣ ያንኑ ብርድ ሰው በበጉ ጠጉር መከላከሉን ልጁ በዚህ ጊዜ ቢሰማ አይረሳውም። ገመድ መግመድም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ልጆች ጫፍና ጫፍ ይዘው ሳር ሲያከርሩ ማስረዳት የሚያስፈልገው ነገር ትንሽ ነው።

ማታ ማታ እንቆቅልሽ ይጫወቱ። በዚህ ጨዋታ መልሱን ያጣ ሰው «ሀገር ስጠኝ» ይባላል፤ ልጆች ግን ዛሬ በቴሌቪዥን የሰሙትን ከተማ ሁሉ እየጠሩ ይሰጣሉ። አንድ ደንብ ብቻ ይጨምሩ፦ የሚሰጠው ሀገር ዘመድ የኖረበት ወይም ራሱ የረገጠው ይሁን፤ ተቀባዩም ያ ቦታ ምን እንዳለው፣ ምን ዛፍ፣ ምን ውሃ፣ ማን እንደሚኖርበት ሳይጠየቅ አይረከብ። ቤታችን ውስጥ ጓሳ አራት ጊዜ እጅ ለውጧል። የጥንቱ እንቆቅልሽ ሲያልቅ ራስዎ ይፍጠሩ፦ «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ!» «አብረው ተወልደው አንዱ ባሕር የገባ፣ አንዱ በረሃ የቀረ?» መልሱን የጭቃው ሸንተረር አስተምሯቸዋል።

የማይሸሸግ ነገር

ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሲያልፍ ጥያቄው ይከብዳል፤ የቀደመው ዘመን ሁሉ መልካም ነበር ብሎ ያደገ ልጅ እውነቱን ከሌላ ሲሰማ የነገሩትን ሁሉ ይጥላል። በአንድ በኩል ከአፈርና ከብረት ጋር እጅግ የቀረበ ዕውቀት የነበራቸው ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች በዚያው ማኅበረሰብ ውስጥ «ቡዳ» እየተባሉ ተንቀው ኖረዋል። እንጀራ የሚጋገርበትን ምጣድ የሠራች ሴት ለምን እንደተገፋች ልጁ ቢጠይቅ «ጥንት ነው» ብለው አይለፉት፤ ስሕተት እንደነበር ይንገሩት፤ ከተቻለም ሸክላ የምትሠራ እናት ዘንድ ሄዶ አፈሩን ከየት እንደምታመጣ፣ እንዴት እንደምትለየው በአክብሮት ይጠይቅ። የሴቶቹን የመሬት መብት፣ ዘር ቆጥሮ መድረስ ያልቻለውን ሰው ዕጣም እንዲሁ ያንሡ።

በሌላ በኩል ማሳው ጫፍ ላይ የተወለደ የገበሬ ልጅ አለ። ለእርሱ ጭላዳ የገብሱ ጠላት ነው፤ ወንጭፍ ይዞ ሲያባርር ይውላል። ለዚህ ልጅ ስለ ጭላዳ ውበት ከከተማ የመጣ ሰው ቢሰብክለት ይስቅበታል፤ መሳቁም ትክክል ነው። ይልቅ እርሱ ያስተምር፦ መንጋው በስንት ሰዓት ከገደሉ ይወጣል? የሚቀድመው ማን ነው? ዝናብ ሲመጣ ምን ያደርጋል? የክፍሉ ከተሜ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ይጻፉ። በእኔ ልምድ እረኛ ልጅ በክፍል ውስጥ እንደ መምህር የቆመበት ቀን ከሁሉ የተሻለ ትምህርት የተገኘበት ነው።

ወደ ጓሳ ሲኬድ

ደብተሩ ሲሞላ፣ አቅም ከፈቀደ፣ ልጆቹን ይዘው ወደ ጓሳ ይሂዱ። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር በኩል ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ይደረሳል፤ ጣርማ በር ላይ ግን ሳይወርዱና ሁለቱን ተፋሰስ በዓይናቸው ሳያዩ አይለፉ። በጋው ለመንገዱ ይመቻል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ስለሚሆን ለእያንዳንዱ ልጅ ወፍራም ልብስ፣ ከተገኘም ባና ያስፈልጋል። ማኅበረሰቡ የመደባቸው ጠባቂዎች ስላሉ ያለ እነርሱ አይግቡ፤ ልጆቹም ጠባቂውን የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቁት። ጭላዳዎች ሌሊቱን ገደል ላይ አሳልፈው ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣሉና ማልዶ መድረስ ይሻላል። ምግብ አይሰጣቸው፤ ጅብራም አስታም አይቀጠፍ፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ግዴታ ይሁን። ከግማሽ ሰዓቱ ውስጥ የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ለልጆች ቅጣት ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው አይጦቹ ከጉድጓድ የሚወጡት።

ሲመለሱ ቀጥታ ወደ ቤት ከመግባት አያት ዘንድ ይለፉ፤ ልጁም ያየውን ይንገራቸው። አያቱ ግማሹን እንደሚያርሙት የታወቀ ነው፤ ሳሩ ያኔ ከዚህ ይረዝም ነበር፣ ያ ምንጭ ስሙ ሌላ ነው፣ በዚያ መንገድ ከአባቴ ጋር ጨው ይዘን አልፈናል ይሉታል። እርማቱን በደብተሩ ባዶ መስመሮች ላይ ይጻፉ።